አፈ ንጉሥ ብቻ እያሠለጠንን እስከ መቼ?

ባለፈው እትም አንድ የማኔጅመንት ተማሪ ወንድማችን «ወሬ ለመማር ሁለት ዓመት?» ብሎ የጻፈውን ያላነበበ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ያላነበበውም ሻይ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምቶታል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የድርጅት ተግባቦት የሚባለው የድኅረ ምረቃ ትምህርት የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ በእኛ አገር መሥሪያ ቤት አለቃ ያዝዛል፣ ሠራተኛ ይታዘዛል፣ በመካከሉ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ለደብዳቤው ደግሞ ጸሐፊዋና መዝገብ ቤቱ ይበቃሉ። ጽሑፉ ያስቃል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ልጁ ብዕር አለው።

እኔን ያናደደኝ የእሱ ጽሑፍ ሳይሆን የእኛው ክፍል ልጆች በየኮሪደሩ የሰጡት መልስ ነው። «ዝም በሉት፣ ቅናት ነው! በዚህ ዲግሪ የኮሙኒኬሽን ዳይሬክተር ይኮናል። አበል አለ፣ ካሜራ አለ፣ ከሚኒስትር ኋላ መቆም አለ!» መልሳቸው ይኸው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። አንደኛው ወገን ትምህርቱ ከንቱ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን እንጀራ ነው ይላል፤ ሁለቱም ግን ትምህርቱ ምን እንደሆነ ተስማምተው ጨርሰዋል። ለሁለቱም የድርጅት ተግባቦት ማለት የአለቃን ቃል አሣምሮ ወደ ታች ማውረድ ነው። የእኔ ጠብ ከዚህ ስምምነት ጋር ነው።

ከቃሉ እንነሣ። «ኮሙኒኬሽን»ን «ተግባቦት» ብለው የተረጐሙልን ሰዎች አስበውትም ይሁን ሳያስቡት ትልቅ ቁም ነገር ሠርተዋል። ተግባቦት ከመግባባት ጋር አንድ ሥር አለው። ሰው ብቻውን ሊያዝ፣ ብቻውን ሊለፍፍ፣ ብቻውን ሊያውጅ ይችላል፤ ብቻውን ሊግባባ ግን አይችልም። ቃሉ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ። የምንማረው ውስጥ ስንት ሰው አለ? ማስታወሻ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ቁጠሩ። መልእክት አስተላላፊው በየገጹ ይገኛል፤ ተቀባዩ ግን «ታዳሚ» ተብሎ በጅምላ ተቀምጧል፤ ፊት የለው፣ ስም የለው፣ የወር ደመወዝ የለው።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። የጥንቱ ቤተ መንግሥት ራሱ ትልቅ ድርጅት ነበር፤ ወግ ያለው፣ ማዕርግ ያለው፣ የላይና የታች ያለው። ከማዕርጎቹ አንዱ አፈ ንጉሥ ነበር፤ በንጉሡ ስም ዳኝነት የሚያይ፣ ስሙ እንደሚለው የንጉሡ አፍ። ነጋሪት ነበረ፣ አዋጅ ነጋሪ ነበረ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚል ትእዛዝ ነበረ። አፍ እንዲህ በክብር ተሹሞ ሲኖር ጆሮስ? እስቲ ለጆሮ የተሰጠ ማዕርግ ፈልጉ። የምታገኙት «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ነው፤ እሱም ስድብ ነው። ባለጉዳዩ ደግሞ ደጅ ይጠና ነበር፤ ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዴም ዕድሜውን። ብልሆቹ ገዢዎች ይኸ እንደማያዋጣ ሳይገባቸው አልቀረም፤ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ከብት እየነዳ ያዜመው፣ አዝማሪው ጠጅ ቤት የደረደረው፣ ማኅተም የሌለው፣ ቁጥርና ቀን የሌለው፣ ግን ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ብቸኛ ሪፖርት ነበር።

ዛሬ ነጋሪቱ የቴሌግራም ቻናል ሆኗል። አዋጅ ነጋሪው ዳይሬክቶሬት ሆኗል፤ ፎቅም ተሰጥቶታል። ደጅ ጥናቱ እንዳለ ነው፤ ወንበር ብቻ ተጨምሮለታል። እረኛው ምን አለ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን የትኛው መደብ ላይ እንደተቀመጠ እኔ አላየሁም።

እዚህ ላይ ወንድማችን «አላልኳችሁም? ትምህርቱ ከፈረንጅ አለቆች የመጣ ስለሆነ ነው!» ማለቱ አይቀርም። ግማሹ እውነት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ መቀናነሱን ለአንባቢ ትቻለሁ።) በአሜሪካ ኢንዲያና ክፍለ ሀገር በፐርዱ ዩኒቨርስቲ ያስተማረው፣ የዚህ ትምህርት አባት የሚባለው ቻርልስ ሬዲንግ፣ በ1985 ስለ ትምህርቱ አመጣጥ ሲጽፍ ነገሩን አልሸፈነውም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩኒቨርስቲው፣ ጦር ሠራዊቱና ኢንዱስትሪው የሦስትዮሽ ቃል ኪዳን ገብተው ነበር ይላል። የመጀመሪያው ሥራ ፎርማን ሠራተኛውን እንዴት እንደሚያናግር ማሠልጠን ነበር። ምርት እንዲጨምር። ሠራተኛው ፎርማኑን እንዴት እንደሚያናግር የሚያሠለጥን አልነበረም።

ከዚያም በፊት ይሄዳል። በየመማሪያ መጽሐፋችን መግቢያ ላይ የሚጠቀሰው የሃውቶርን ጥናት ከ1924 እስከ 1932 በቺካጎ አጠገብ በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ፋብሪካ ውስጥ የተካሄደ ነው። ሁላችንም ለፈተና የምንሸመድደው «ሠራተኞቹ ትኩረት ስለተሰጣቸው ምርታቸው ጨመረ» የሚለውን ነው። ያልተነገረን ሌላ ነገር አለ። ጥናቱ በ1927 ጥቂት ሴቶችን ለይቶ በአንድ ክፍል አስቀምጦ የስልክ ዕቃ ያስገጣጥም ነበር። በ1928 መጀመሪያ ላይ ከሴቶቹ ሁለቱ ከክፍሉ እንዲወጡ ተደረገና በሌሎች ተተኩ። ጥፋታቸው ምን ነበር? ወሬ አበዙ፣ አልተባበሩም ተባለ። እንዴ! የተግባቦት ትምህርት አያቱ ነው የሚባለው ጥናት የሚናገሩትን ከክፍል በማስወጣት ነው የተካሄደው ማለት ነው። ይህን ያህል ጥርት ያለ ምሳሌ እኔ ብፈጥር «አጋነንክ» ትሉኝ ነበር።

ቀጥሎ ኩባንያው ከሃያ ሺህ በላይ ሠራተኞችን ቃለ መጠይቅ አደረገ። ሰዉ ሲናገር ቀለል ይለዋል የሚል ግኝት ተገኘ። ከ1936 ጀምሮ ደግሞ በየሥራ ክፍሉ እየተዘዋወሩ የሠራተኛውን ብሶት የሚያዳምጡ አማካሪዎች ተቀጠሩ። ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በሰሙት ነገር ግን አንዳች እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን የላቸውም። የድስቱ እንፋሎት እንዲወጣ ክዳኑ ትንሽ ይከፈታል፤ እሳቱ ግን እንዳለ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን «የቅሬታ ሰሚ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን በር ሳይ ይኸ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ስሙን ብቻ እዩት፤ ቅሬታ «ሰሚ» ነው፤ ቅሬታ ፈቺ አላለም።

ስለዚህ እንጣለው? አይደለም። ወንድማችን የሳተው እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ ከአለቃ ቤት ቢወለድም አለቃውን የሚያሳጡ ልጆች ወልዷል። ሬዲንግ ራሱ ተማሪዎቹን ያስተማረው ሰሚው የሚመልሰው ለተላከው ሳይሆን ለደረሰው መልእክት ነው ብሎ ነው። በ1970 ሮዘንና ቴሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው መጥፎ ዜናን ለባለቤቱ ለመንገር እንደሚያፈገፍግ በሙከራ አሳዩ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ዝም አይነቅዝም» ብለን ተርተንበታል። ልዩነቱ እኛ ምክር አድርገን ስንይዘው እነሱ በሽታ ብለው መመርመራቸው ነው።

የበሽታው ዋጋ ምን እንደሆነ ለማየት አንድ ታሪክ ሰፋ አድርጌ ላውራ፤ የክፍላችን ልጆች በፈተና ሁለት መስመር ጽፈው የሚያልፉትን። የአሜሪካን የጠፈር ሮኬት ከሚያሠሩት ማእከሎች አንዱ በአላባማ ክፍለ ሀገር ያለው የማርሻል ማእከል ነው። በ1960ዎቹ የማእከሉ አለቃ ቨርነር ፎን ብራውን ነበር። (ሰውየው በሂትለር ዘመን ለጀርመን ጦር ሮኬት የሠራ፣ ሮኬቱም በእስረኞች ጉልበት የተመረተ ነው፤ ቅዱስ ነው አላልኩም።) ይህ ሰው ግን አንድ ልማድ ነበረው። ከታቹ ያሉት ኃላፊዎች በየሳምንቱ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይጽፉለታል፤ ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል፤ ቅጽ የለውም፣ ማስዋቢያ የለውም፣ ችግሩን ብቻ። እሱ በኅዳጉ ላይ በእጁ ይጽፍበታል፦ ይጠይቃል፣ ያመሰግናል፣ ይቆጣል። ከዚያ የሁሉም ማስታወሻ ከነኅዳጉ ተባዝቶ ለሁሉም ይመለሳል። በ1967 ፊሊፕ ቶምፕኪንስ የሚባል የፐርዱ ምሩቅ፣ የሬዲንግ ተማሪ፣ ማእከሉን ሲያጠና ያገኘው ነገር ደስ ይላል፤ ኃላፊዎቹ ሰኞ የሚጽፉት እንዳያጡ ዓርብ ዓርብ የራሳቸውን ሠራተኞች «እናንተስ ጋ ምን አለ?» ብለው መጠየቅ ጀምረው ነበር። የአንድ ሰው ጆሮ ወደ ታች እየወረደ ጆሮ አበቀለ።

ፎን ብራውን በ1970 ከዚያ ማእከል ተነሣ። በ1986 ቻሌንጀር የምትባለው መንኮራኩር ስትዘጋጅ የጎን ሮኬቶቿን ሥራ የሚቆጣጠረው ያው የማርሻል ማእከል ነበር። ሮኬቶቹን የሠራው ኩባንያ ቲዮኮል ይባላል። ሮጀር ቦይዝሆሊ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ገና በጁላይ 1985 የሮኬቱ መገጣጠሚያ ጎማ አልታተም ሊል ይችላል፣ ሰው ያልቃል ብሎ ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ በነጋታው ሊተኮስ፣ በስልክ ስብሰባ ተደረገ። መሐንዲሶቹ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አይተኮስ አሉ። የማእከሉ ባለሥልጣኖች ፊታቸው ጠቆረ። የኩባንያው አለቆች «ትንሽ ጊዜ ስጡን» ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ለብቻቸው ተማከሩ፤ መሐንዲሶቹ እዚያው ቁጭ ብለው ድምፅ የሰጡት አለቆቹ ብቻ ሆኑ። ስልኩ ሲከፈት «ይተኮስ» ተባለ። በነጋታው ከተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ መንኮራኩሯ ሰማይ ላይ ተበተነች። ሰባት ሰው።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ስለ ሮኬት ለማውራት አይደለም። መልእክቱ ተልኮ ነበር፤ በጽሑፍ፣ በጊዜው፣ በማያሻማ ቋንቋ። የጠፋው የመናገር ችሎታ አልነበረም፤ «የተግባቦት ክህሎት ሥልጠና» የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። የጠፋው የላይኛው ጆሮ ነው። ታዲያ ሁለት ዓመት ተምረን ስንወጣ የምናሠለጥነው ማንን ነው? ያንኑ መሐንዲስ! «መልእክትህን ግልጽ አድርገህ አቅርብ» ልንለው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ለሃያ ዓመት ያህል ከውጭ የመጣ የአሠራር መድኃኒት ሲዋጡ ኖረዋል። በ1993 ሐመርና ቻምፒ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኩባንያን እንደገና ስለመሥራት አንድ መጽሐፍ አወጡ፤ ያ ሐሳብ ቢፒአር ተብሎ በ2000ዎቹ ሲቪል ሰርቪሳችን ውስጥ ገባ። ውጤት ተኮር መጣ። በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሠራተኛው በአምስት በአምስት ተደራጀ። የእነዚህን ሁሉ ጥቅምና ጉዳት የሚመረምረው የወንድማችን ፋኩልቲ ነው፤ የእኔ ጥያቄ አንዲት ናት። ይህ ሁሉ ለሠራተኛው የተነገረው እንዴት ነው? ምን ብሎ መለሰ? መልሱ የት ተመዘገበ?

ካይዘንን ተመልከቱ። የጃፓኑ ሐሳብ ራሱ ከሠራተኛው አፍ በሚወጣ ትንንሽ የማሻሻያ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ያለዚያ ካይዘን የለም። በየግቢው ሄዳችሁ የምታዩት ግን ምንድን ነው? በወለሉ ላይ የተሰመረ ቢጫ መሥመርና በግድግዳው ላይ የተለጠፈ መፈክር። የሚታየው ክፍል ተተገበረ፤ የሚሰማው ክፍል ቀረ።

ስለ አንድ ለአምስቱ ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ጄምስ ባርከር በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ፋብሪካ አለቆቹን አንሥቶ ሠራተኛውን ራሱን በሚያስተዳድር ቡድን ሲያደራጅ የሆነውን ያወራል። ሁሉም ነፃነት መጣ ብሎ ነበር። ቡድኑ የራሱን ደንብ አወጣ፤ ደንቡ ጠነከረ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቁጥጥሩ ከድሮው አለቃ ዘመን የባሰ ሆነ። ድሮ አለቃው ዞር ሲል ከጎን ካለው ጋር ትንሽ ይወራ ነበር፤ አሁን አራት አምስት ጥንድ ዓይን ቀኑን ሙሉ ያያል። ይህን ሳነብ ፈገግ ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት። በዚህ አገር አንድ ለአምስት ተደራጅቶ የሠራ ሰው ሁሉ ባርከርን ሳያነብ ባርከርን ያውቀዋል። ታዲያ ያንን ዕውቀት የጻፈው ማን ነው? ለምን ከእኛ ወጥቶ ባርከርን የሚያርም፣ የሚያጠናክር፣ ወይም የሚያፈርስ አንድ ጽሑፍ አልተሰማም?

ምክንያቱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ በመጠይቅ ስለምንሠራ ነው። የማስተርስ ማሟያ ጽሑፋችን ርዕስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የውስጥ ኮሙኒኬሽን በሠራተኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የእገሌ መሥሪያ ቤት ሁኔታ»። መሥሪያ ቤቱ ብቻ ይቀያየራል። ከዚያ «በጣም እስማማለሁ»፣ «እስማማለሁ»፣ እያለ እስከ «በጣም አልስማማም» የሚወርድ ባለ አምስት ደረጃ ቅጽ ይባዛል። ቅጹን ያወጣው ሬንሲስ ላይከርት በ1932 ነበር፤ እሱ ምን በደለ! አንድ የክፍላችን ልጅ ባለፈው ዓመት መጠይቁን ይዞ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። የሰው ኃይል ኃላፊው በጥሩ ፈገግታ ተቀበሉት፤ «አንተ አትድከም፣ እኔው አስሞልቼ እሰጥሃለሁ» አሉት። ከሦስት ቀን በኋላ ሁሉም ተሞልቶ፣ ተደርድሮ፣ በላስቲክ ታስሮ ተሰጠው። «አለቃዬ ሐሳቤን ያዳምጠኛል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሞላ ጎደል «በጣም እስማማለሁ» ነበር። ልጁ ውጤቱን በሠንጠረዥ አቀረበ። አለፈ። ወረቀቱን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል የሻይ ሠራተኛዋ «አይ ልጄ፣ ይኸን እንኳ እሳቸው ፊት ነው የሞላነው» እንዳለችው የነገረኝ ግን ለእኔ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ የለም። በሁለት ዓመት ትምህርቱ የሰበሰበው እውነተኛ መረጃ ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች!

አለቃን የሚፈራ ሰው ዝምታውን በአለቃው እጅ በሚሰበሰብ ቅጽ ላይ አይሞላም። ጄምስ ስኮት በ1990 ስለ ተገዢዎች ስውር ተቃውሞ የጻፈውን መጽሐፍ የከፈተው የኢትዮጵያ ነው ባለው ተረት ነው፤ ጌታ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጅ ስለሚነሣው፣ በጎንበሱም ጊዜ ከኋላው ድምፅ የሌለው ነገር ስለሚያወጣው ብልህ ገበሬ። (የቀረውን ጨዋ አንባቢ ይሙላው።) መጠይቃችን የሚለካው ጎንበሱን ነው። ሁለተኛው ነገር በአምስት ደረጃ አይለካም።

እዚህ ላይ ይህ መጽሔት የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ስለሆነ ስለ ቋንቋ ትንሽ ላምርር። ጽሑፋችንን በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። ይሁን፤ ውጭ ያለውም ያንብበው። ነገር ግን ዝምታን «ሳይለንስ» ብለን ስንተረጉም ስንት ነገር ገደል ይገባል! ዝም ያለ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። የፈራ አለ። ያኮረፈ አለ፤ ኩርፊያ ራሱ መልእክት ነው፣ ያውም የሚጮኽ። ይሉኝታ የያዘው አለ። የናቀ አለ። «ጊዜ ይፍረድ» ያለ አለ። ንግግሩም ቢሆን አንድ አይደለም፤ አሽሙር አለ፣ ሐሜት አለ፣ ቡና ላይ የሚነገር አለ፣ ጉርምርምታ አለ። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ሰምና ወርቅን ለመጽሐፉ ርዕስ አድርጎ ይህ የነገር ድርብነት ለዘመናዊ መሥሪያ ቤት እንቅፋት ነው የሚል ሐሳብ ሰንዝሯል። እንስማማ? እኔ አልስማማም፤ ሰምና ወርቁ እንቅፋት ሳይሆን በር ለተዘጋበት ሰው መስኮት ይመስለኛል። ግን የእኔ መምሰል ምን ዋጋ አለው? ስብሰባ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ያሉትን ቃል በቃል መዝግቦ፣ ወርቁን ከሰሙ ለይቶ የሚከራከር ጽሑፍ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ከእኛ በቀር ማን ሊሠራው ነው? ፐርዱ?

ስብሰባውንማ እናውቀዋለን። ሰብሳቢው ሁለት ሰዓት ይናገራሉ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው «ሐሳብ አስተያየት ካለ» ይባላል። አንዱ ይነሣና «በመጀመሪያ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» ብሎ የተባለውን መልሶ ይላል። ሁለተኛው «የተባለው ትክክል ሆኖ» ብሎ ይጀምራል፤ አያችሁት? ያቺ «ሆኖ» የምትል ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ተቃውሞ ታጥፎ ተቀምጧል። ይህን ያህል የረቀቀ ነገር እያለን ሠንጠረዥ እንሠራለን! ወይም ስለ አጠራር አስቡ። እናቱ የምትሆን የጽዳት ሠራተኛ «አንቺ» እየተባለች የሃያ ስድስት ዓመቱ ኃላፊ «እርስዎ» ይባላል። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ሁሉም «ጓድ» ሲባል ቃሉ ሥር የነበረው አንተና እርስዎ ጠፍቶ ነበር ወይስ ተደብቆ? ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የሠሩ ሰዎች ጡረታ ወጥተው በየሰፈሩ አሉ፤ የሚጠይቃቸው ቢያገኙ ቡና አፍልተው ይነግራሉ።

ከአዲስ አበባ ወጣ እንበል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ወጣቶች ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከሌላም አካባቢ መጥተው ገቡ፤ ከተቆጣጣሪዎቹ ብዙዎቹ ከስሪ ላንካ፣ ከሕንድ፣ ከቻይና የመጡ ነበሩ። በ2019 በኒው ዮርክ ዩኒቨርስቲ አንድ የጥናት ማእከል ያወጣው ሪፖርት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑን ጽፏል። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ ወሬው ለእነዚያ ልጆች በምን ቋንቋ፣ በማን አፍ፣ በስንት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው? ሲዳምኛ የምትናገር ልጅ የሚያማትን ነገር ለስሪ ላንካዊው ተቆጣጣሪ የምትነግረው በማን በኩል ነው? አስተርጓሚዋ የትኛውን ታስቀራለች? የድርጅት ተግባቦት የሚባል ትምህርት ይህን ካልጠየቀ ምን ይጠይቃል? የዓመት መጽሔት ሽፋን ቀለም?

«ማን ያስገባናል? ማን ይቀጥረናል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ አላቃልለውም። የቤተሰቡ ዓይን እሱ ላይ ያለ ተማሪ የዳይሬክተር መደብ ቢመኝ አልፈርድበትም፤ ይግባ፤ ይብላ። ግን የሚገባበትን ወንበር ይወቀው። በ2008 የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውን ለሰልፍ ባነር አሰቃይ አድርጎ አልሾመውም፤ መረጃ ልወቅ ብሎ የሚመጣውን ዜጋ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተናግድ ሰው አድርጎ ነው የሾመው። ሕጉ ከትምህርታችን ቀድሟል ማለት ነው። በሕጉ ኃላፊው በር ነው፤ በእኛ ሥርዓተ ትምህርት ግን መጋረጃ።

ለመግባትም ቢሆን የሰው ኃይል ኃላፊው በር ብቻ አይደለም ያለው። የሠራተኛ ማኅበር አለ፣ ዕድር አለ፣ የሠራተኞች ዕቁብ አለ፣ ፋብሪካ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፤ የፈረቃ መለወጫው ሰዓት አለ። እዚያ ቁጭ ብሎ ስድስት ወር ያዳመጠ ተማሪ ስድስት መቶ መጠይቅ ከበተነው ይልቅ የሚያወራው ይኖረዋል። አማካሪ መምህሮቻችን «ናሙናው አነሰ» ቢሉን በትሕትና እንከራከራቸው። እንዲያውም እነሱም የሰለቻቸው ይመስለኛል፤ ያንኑ ርዕስ በየዓመቱ ማንበብ እንደ ቅጣት ነው።

የርዕስ ማቅረቢያው ጊዜ ደርሷል፤ እኔ የራሴን አስገብቻለሁ። ርዕሴ በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ ስለተሰቀለው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ነው፦ ማን ሰቀለው፣ ማን ጻፈበት፣ ማን ከፈተው። እስካሁን ካየኋቸው ዘጠኝ ሣጥኖች በአራቱ ላይ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ በአንዱ ውስጥ ሸረሪት ድር አድርታለች፤ አንዱ የተሰቀለው የዋናው ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት። ወንድማችን «ወሬ» ያለውን ነገር በቁም ነገር ሊሞግተኝ ከፈለገ የእሱ ፋኩልቲ መግቢያ ላይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሣጥን አለ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቆ፣ ምን ብለው እንደመለሱለት በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።